ጥናቱ ከቡኢ፣ ወንበሩ ከወዴት?

ባለፈው ሰኔ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ቡኢ ላይ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጡ። ልጅቷ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ናቹራል ወይስ ሶሻል እንደምትገባ የምትሞላውን ቅጽ ይዛለች። ቅጹ ብዙ ጊዜ ታጥፎ ከመዘርጋቱ የተነሣ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። «ሶሻል» የሚለው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋበታለች፤ የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው።

«መምህር፣» አሉኝ አባትየው፣ «ይቺ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ወይ ሁለተኛ ነው የምትወጣው፤ ዝቅ ብላ አታውቅም። እስከ መጨረሻው ትማር ካሉኝ በሬም ቢሆን ሸጬ አስተምራታለሁ። ግን እውነቱን ይንገሩኝ፤ በሶሻል ተምራ ተምራ ዶክተር ብትሆን ማን ይቀጥራታል?»

«ዩኒቨርሲቲ» አልኳቸው።

«ሌላስ?»

ጂኦግራፊ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለዚያች «ሌላስ?» ግን የሚሆን መልስ አጣሁ። ሰውየው ፊቴን አይተው «እንግዲህ ጠይቀው ይቆዩኝ» ብለው ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄዎቼን እዚህ የማሰፍረው መልስ ሊሰጡ የሚገባቸው ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ነው።

መጀመሪያ ይህቺ ወረዳ ለዕውቀት ስንት ጊዜ እንደተገበረች ልናገር። ቡኢ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በቡታጅራ መንገድ ላይ ያለች የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብዙ መንገደኛ በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። የሚያልፍበት መንገድ ራሱ ግን የዶክትሬት ርዕስ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ እንደ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ያሉ የክስታኔ፣ ማለትም የሶዶ ጉራጌ፣ ልጆች አዲስ አበባ ላይ ማኅበር አቋቁመው፣ ነጋዴውም ደመወዝተኛውም ከኪሱ እያዋጣ፣ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ተነሡ። ዶ/ር ፈቃዱ ገዳሙ ይህንኑ ማኅበር አጥንተው በ1972 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ድርሳናቸውን አቀረቡ። በዚያው ዓመት ባሕሩ ዘውዴ የአይመለል ጉራጌን የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖለቲካዊ ታሪክ ጽፈው አሳተሙ፤ አይመለል የተባልነው እኛው ነን። ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ ጢያ አለ፤ 36 ትክል ድንጋዮች፣ ከእነሱም 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው፣ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩበትና ሲጽፉበት ኖረዋል።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ የአእምሮ ጤና ተመራማሪዎች መጡ። «ፕራይም» የተባለው በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተደገፈ መርሐ ግብር ከ2011 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በኢትዮጵያ ሲካሄድ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተመረጠችው ሶዶ ወረዳ ነበረች። ከእኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቡታጅራ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሥር ቀበሌዎችን እየተከታተለ ስንቱ ተወለደ፣ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ለቀቀ እያለ ሲመዘግብ ኖሯል። ምዕራብ በኩል እምድብር በአገሪቱ በተደጋጋሚ ከተጠኑ የገጠር መንደሮች አንዷ ናት። የጉራጌና የእንሰት ኑሮ በዓለም የአንትሮፖሎጂ መደርደሪያ ላይ ቦታ ያገኘው በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣው የዊልያም ሻክ መጽሐፍ ነው፤ ሻክ ኋላ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ዲን ለመሆን በቅተዋል።

እነዚህን ሰዎች አከብራለሁ። አብዛኞቹ የመጡት በቅንነት ነው፤ የሠሩትም ሥራ ዋጋ አለው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ካጠኑት መካከል አጥንቶ ሲጨርስ «እዚሁ ሥራ አለህ» የተባለ አንድ ሰው አለ?

የወረዳችን የማስታወቂያ ሰሌዳ አስፋልቱ ዳር ካለው ግቢ በር አጠገብ ነው። እንጨቱ ዝናብ አሳብጦታል፤ የቆዩ ወረቀቶች ቅሬት በስፒል ተይዞ ቀርቷል። የቅጥር ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቆሜ ማንበብ ልማዴ ነው። ተራ ቁጥር፣ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅት፣ የሥራ ልምድ። «ሶሺዮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ወይም ተዛማጅ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ ዜሮ ዓመት» የሚለውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሁለተኛ ዲግሪ የሚል አልፎ አልፎ አለ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ዲግሪ የሚጠይቅ መደብ አንድ ቀን አላነበብኩም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ 11,500 ብር ያገኛል፤ የስኬሉ ጣሪያ 39,000 ብር ነው። ዶክተር ይህን ደረጃ የሚይዝበት ወንበር ወረዳ ላይ የታለ? አንድ ወረዳ በመጨረሻው ቆጠራ ከ130,000 በላይ የሆነ ሕዝብ ይዞ፣ መሬት እየለካ፣ ጠብ እያስታረቀ፣ በየዓመቱ ዕቅድ እያወጣ፣ ሕዝቡን አጥንቶ የሚነግረው ባለሙያ አያስፈልገውም ያለው ማን ነው?

ለመሆኑ በእኛ አገር ዶክትሬት የሚማረው ማን ነው? አብዛኛው ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ የተቀጠረ፣ መሥሪያ ቤቱ ደመወዙን እየከፈለ ለትምህርት የላከው፣ ሲጨርስ ተመልሶ እንዲያገለግል ውል ያስፈረመው ሰው ነው። «የት ይቀጠራል?» የሚለው ጥያቄ ገና ሳይማር ተመልሷል። ሲመለስ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ግን የለም። አራት አምስት ዓመት በመሬት ውርስ ላይ፣ ወይም ልጆቻቸውን አዲስ አበባ ልከው በሚኖሩ አረጋውያን ላይ ሲመራመር የኖረ ሰው ተመልሶ የሚረከበው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርስ ነው። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ፣ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ለማንኛውም አዲስ ገቢ ይሰጣል። ለሦስት መቶ ተማሪ በማይክራፎን ሲያስተምር፣ ከመስክ ያመጣው ዕውቀት ቢሮው ውስጥ ካርቶን ላይ አቧራ ይጠጣል። ይህ ሥራ ነው ከተባለ ሥራ ነው፤ ለዚህ ግን ዶክትሬት ያስፈልግ ነበር?

የዩኒቨርሲቲው በርም ቢሆን እየጠበበ ነው። በ1983 ዓ.ም በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ45 በላይ ናቸው፤ ለእኛም ወልቂጤና ወራቤ ደርሰውናል። ነገር ግን ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ጥናት ይግባ ተባለ። በዚያ ዘመን «ሶሻል የገባ የወደቀ ነው» የሚለው አነጋገር ቤተሰብ ውስጥ ገባ፤ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ከልጆቹ ዓይን አነበው ነበር። ቀጥሎ የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ፤ ማለፊያውን ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ ሲሳሳ የመምህሩ ክፍለ ጊዜም አብሮ ሳሳ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በኅዳር 2015 ደመወዛችን አላኖረን አለ ብለው ሥራ ማቆማቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ለአባትየው በልበ ሙሉነት የጠራሁላቸው አንድ በር ይኸው ነው።

ሁለተኛው በር ድርጅት ነው፤ ሰዉ «ኤንጂኦ» የሚለው። እዚህ በር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከውስጡ ስላየሁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት ሲያልቅ ውጤቱን የሚገመግም ቡድን መጣና እኔ አካባቢውን አሳይ ተባልኩ። የቡድኑ መሪ ባለ ዶክትሬት ነው፤ የተማረው ሶሺዮሎጂ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቡኢ ገቡ፤ ቀበሌው ቀድሞ ሰዎች ሰብስቦ ስለነበር ከአሥራ ሁለት ሴቶች ጋር የቡድን ውይይት አደረገ። ጥሩ አድማጭ ነበር። አንዲት ሴት ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ስትናገር ብዕሩን አስቀምጦ ዓይን ዓይኗን እያየ አዳመጣት። እሷ ግን ገና ወደ ነገሯ እምብርት ሳትደርስ ረዳቱ ሰዓቱን አሳየው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ቀበሌ ቀርቷቸዋል፤ ለአገሩ ሁሉ የተፈቀደው የመስክ ቀን አራት ነው። ምሳ ላይ ክትፎ ቀርቦ እጁን ሳይዘረጋ ቆየና እንዲህ አለኝ፦ «የዚህችን ሴትዮ ታሪክ ለመስማት አንድ ወር ያስፈልግ ነበር። ለዚህ ነው የተማርኩት። ግን የዩኒቨርሲቲ ደመወዜ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ አይሸፍንም፤ ይሄኛው ይሸፍናል።» በዘጠኝ ሰዓት ሄዱ። ሪፖርቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሴትየዋም እኔም አላየነውም።

ይህን ሰው እንዴት ልወቅሰው? የምጠይቀው ሥራውን ያሰናዳውን ነው። የአማካሪ ማስታወቂያ ሲወጣ «ዋና አማካሪው ሦስተኛ ዲግሪ ያለው» የሚለው መስፈርት የሚገባው ለዕውቀቱ ነው ወይስ ፕሮፖዛሉ ላይ ለሚሰፍረው ስም? ዕውቀቱ ከተፈለገ አራት ቀን ለምን? ስሙ ከተፈለገ ደግሞ ያቺ ልጅ በሬ ተሽጦ አሥራ ምናምን ዓመት የምትማረው ስሟን በአራት ቀን ልታከራይ ነው?

ይህ በርም ራሱ በሰው እጅ ያለ በር ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በመብትና በአስተዳደር ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ማኅበራት ከውጭ ከአሥር በመቶ በላይ ገንዘብ እንዳያገኙ ሲከለክል፣ ፖለቲካውንና ሕጉን የሚያጠናው ምሁር የሚቀጠርበት ደጅ ተዘጋ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም በሌላ አዋጅ ተተክቶ ደጁ ሲከፈት ሌላ ነገር መጣ፤ በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አቆመ፣ በዓመቱ መጨረሻም ዩኤስኤይድ ተዘጋ። አገሪቱ የእናቶችንና የሕፃናትን ኑሮ የምታውቅበት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዋነኛ ደጋፊ ይኸው ድርጅት ነበር። የማኅበራዊ ሳይንስ ዶክተሮቻችን እንጀራ ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ አንድ ወረቀት ሊቋረጥ ከቻለ፣ እነሱን የቀጠራቸው ማን ነበር ማለት ነው? እኛ ነን?

ሦስተኛው በር ሹመት ነው። «ዶ/ር» የምትለዋ ማዕረግ ከስም በፊት ስትገባ ለሹመት ታበቃለች የሚባል ነገር በአገራችን ሥር ሰድዷል። ከተሾሙት መካከል የደከሙ፣ የለፉ አሉ። ግን ባለሥልጣን ሲሾም «የዶክትሬት ጥናትህ ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምተን እናውቃለን? ስለ ገጠር ብድር ያጠናው በብድር ጉዳይ፣ ስለ ግጭት ያጠናው በግጭት ጉዳይ ተመድቦ አይተናል? ማዕረጉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጥናቱ ውጭ የሚቀር ከሆነ፣ መንግሥት የቀጠረው ዶክተሩን ሳይሆን ሁለቱን ፊደላት ነው።

መንግሥት ማኅበራዊ ሳይንስ አያስፈልገኝም ብሎ አያውቅም፤ ሲያስፈልገው መጥራት ያውቅበታል። ደርግ በ1975 ዓ.ም የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን ሲያቋቁም ምሁራንን ሰብስቦ የየብሔረሰቡን ቋንቋ፣ አሰፋፈርና ኑሮ አስጠንቷል፤ የ1979ኙ ሕገ መንግሥት የተሰናዳው በዚያ ጥናት ላይ ተንተርሶ ነው። በ2011 ዓ.ም ደግሞ የያኔው ገዥ ፓርቲ ደኢሕዴን እኛ የነበርንበት የደቡብ ክልል አደረጃጀት ምን ይሁን ብሎ ምሁራንን አስጠንቷል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2015፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት እኛም ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሆነን ማዕከላችን ቡታጅራ ሆነ። ያ ጥናት ስለ እኛ ምን ይል ነበር? ሙሉ ሰነዱን ቡኢ ላይ ያነበበ ሰው ማን ነው? ወሰንና መዋቅር ሲነሣ የሚጠራ ዕውቀት፣ ገበሬው መሬቱን ለአምስት ልጅ ሲያካፍል ለምን አይጠራም? ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በመስቃንና በማረቆ ወንድማማቾች መካከል ሰው ሲሞትና ሲፈናቀል፣ የክስታኔ ሽማግሌዎች ጎርደና ሴራን፣ የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች የጆካን ይዘው ደም የሚያደርቁበትን ሥርዓት ያጠኑት ዶክተሮች የት ነበሩ? ተጠርተው እንቢ አሉ ወይስ ስልካቸውን የያዘ ቢሮ አልነበረም?

አራተኛው በር ባሕር ማዶ ነው። ይህን በር የከፈተው ገንዘብ ብቻ እንዳይመስለን። በ1985 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ፤ ከእነሱ መካከል ኢኮኖሚስቱ እሸቱ ጮሌ ይገኙበታል። የተማረ ሰው ወንበሩ በአንድ ደብዳቤ እንደሚነጠቅ ያየ ትውልድ ሌላ አገር ቢያማትር ያስገርማል? የጉራጌን ባህልና ታሪክ «ጀብዱ» በተባለው መጽሐፋቸው በአማርኛ የጻፉልን ወርቁ ንዳ፣ ጉራጌ እንዴት ነጋዴ ሆነ የሚለውን ጥናት ለካሊፎርኒያ ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. አቅርበው ዶክተር ሆኑ፤ የሚያስተምሩትም እዚያው ካሊፎርኒያ ነው። ይገባቸዋል። የእኔ ቁጭት ግን ሌላ ነው፤ ስለ መርካቶ ነጋዴያችን ማወቅ የሚፈልግ የቡኢ ተማሪ መጽሐፉን ከየት ያግኘው? በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከላይ ስማቸውን ከጠራኋቸው ሥራዎች አንዱም የለም። የመንገዳችን ድርሳን እንኳ የለም።

ሌላው ዓለም እንዴት ነው የሚጠቀምባቸው? የኮምፒዩተር አካል የሚሠራው ኢንቴል በ1998 እ.ኤ.አ. ጄኔቪቭ ቤል የተባለችውን አንትሮፖሎጂስት ቀጥሮ፣ ሰዎች በየአገሩ ቤታቸው ውስጥ በመሣሪያው እንዴት እንደሚጠቀሙ አስጠንቷል። አንትሮፖሎጂስት ቺፕ አትሠራም፤ ቺፑን የሚገዛውን ሰው ግን ታውቃለች። የእኛ ባንኮችስ? እቁብ በየዩኒቨርሲቲው ስንት ጊዜ ተጠንቷል! ሰው ያለ መያዣ፣ ያለ ጠበቃ፣ በቃሉ ብቻ ገንዘቡን የሚያምንበትን ሥርዓት ያወቀ ዶክተር አንድ ባንክ ደጃፍ ላይ «ና፣ አስተምረን» ቢባል ምን ይጎዳል? ያለ መያዣ ብድር እንሰጣለን የሚሉት ሁሉ ከእሱ የሚማሩት የለም?

አሁን ወደ ሁለት ነገሮች ልመለስ፤ ሁለቱም ቤቴ ደጃፍ ላይ ናቸው።

አንደኛው ከአእምሮ ጤናው ሥራ ጋር የመጣ ነው። በሶዶ ወረዳ በተካሄደ «ራይዝ» በተባለ ሙከራ፣ ከአካባቢው የተመለመሉ፣ የሐኪምነት ዲግሪ የሌላቸው ሰዎች ለጥቂት ሳምንት ሠልጥነው በከባድ የአእምሮ ሕመም የተያዙ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲደግፉ ተደረገ። ከቤተሰብ ጋር ይቀመጣሉ፣ ከጎረቤት ጋር ያነጋግራሉ፣ በሽተኛው ወደ ሥራና ወደ ሰው እንዲመለስ ያግዛሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ላይ የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ድጋፉን ያገኙት ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን መምራት የሚቸገሩበት መጠን ቀነሰ። ይህ ቡኢ ያስተማረችው ትምህርት ነው። ዓለም አነበበው። ታዲያ ያ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው በወረዳው የሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ በየትኛው ተራ ቁጥር ላይ ገባ? የሚያሠለጥነውና የሚከታተለው ምሁርስ? እኔ ሰሌዳው ላይ አላነበብኳቸውም። ጥናቱ «ይሠራል» ካለን በኋላ ሥራው እንዲቀጥል የሚያደርገው ሰው ካልተቀጠረ፣ ያጠናነው ለማን ነው?

ሁለተኛው ቆጠራ ነው። ማስተማር በጀመርኩበት በ1999 ዓ.ም፣ በግንቦት ወር፣ እንደ ብዙ መምህራን እኔም የሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ ቆጣሪ ነበርኩ። ሰፊውን ቅጽ ደረቴ ላይ አስደግፌ በእርሳስ እየሞላሁ ጭቃ ለጭቃ ዞሬያለሁ። አንዲት እናት ቤት ስደርስ እንሰት እየፋቁ ነበር፤ እጃቸውን በቅጠል ጠርገው አስቀመጡኝ። ስንት ልጅ ወለዱ፣ ስንቱ አለ፣ ስንቱ ሞተ እያልኩ ስጠይቅ የሞቱትን በስማቸው እየጠሩ ነገሩኝ፤ ቅጹ የሚፈልገው ቁጥር ብቻ ነበር። ስንጨርስ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ጽፈህ ወዴት ትወስደዋለህ?» አሉኝ። «አዲስ አበባ፣ እማማ» አልኳቸው። «ተመልሶ ይመጣል?» አሉኝ። እንዴታ፣ ይመጣል አልኳቸው። ቀጣዩ ቆጠራ በ2010 ዓ.ም ይካሄዳል ተብሎ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ እስካሁን አልተካሄደም። ስንት የሥነ ሕዝብ ዶክተር አስመርቀናል? ሕዝቧን በማትቆጥር አገር የሥነ ሕዝብ ዶክተር የሚሠራው ምን ቆጥሮ ነው?

ጥያቄውን ለሌላ ሁሉ አዝንቤ ለራሳችን ሳልጠይቅ አላልፍም። እኛ የክስታኔ ልጆች መንገድ ያስፈልገናል ብለን መንግሥት እስኪሠራልን ሳንጠብቅ ያዋጣን ሰዎች ልጆች ነን። መስቀል ሲመጣ ከመርካቶ፣ ከሐዋሳ፣ ከየትም በመኪና ተጭነን ቡኢን እናጨናንቃለን፤ በሬ ይታረዳል፣ ክትፎ ይቀርባል፣ ስለ ልማት ይወራል። በመንግሥት ስኬል ጣሪያ ቢሰላ የአንድ ዶክተር የዓመት ደመወዝ 468,000 ብር ነው። ለትምህርት ቤት አጥርና ለውኃ መስመር የሚያዋጣ ማኅበር፣ አንዲት ተመራማሪ ቀጥረን እዚህ አስቀምጠን፣ ወጣቱ ለምን እንደሚሄድ፣ እንሰቱ ለምን እንደሚጠወልግና ሴቶቹ በዚህ ምን እንደሚሉ፣ የአእምሮ ሕሙማኑን የሚያየው ማን እንደሆነ ታጥናልን፣ ለእኛው በአማርኛም በክስታንኛም ታንብብልን ብሎ አንድ ቀን አጀንዳ ይዟል? ለዩኒቨርሲቲዎቹስ «ሶዶን አጥንቶ የተመረቀ ሁሉ አንድ ቅጂ ለቡኢ ያስረክብ» ብለን ደብዳቤ ጽፈናል? አልጻፍንም። እኔም መምህሩ አልጻፍኩም።

እናንተ ዶክተሮቹስ? ከዳታ ሰብሳቢው ጋር ስልክ ትለዋወጣላችሁ፤ ጥናቱ ሲታተም ግን ያ ስልክ ይጠራል? በእንግሊዝኛ የታተመውን ሥራ አሥር ገጽ በአማርኛ አድርጎ ለወረዳው ምክር ቤት ማቅረብ የደረጃ ዕድገት ነጥብ ስለሌለው ቀረ ትሉኛላችሁ። ነጥቡን የሚያወጣው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ነው፤ ሴኔቱ ላይ የምትቀመጡት እናንተ አይደላችሁም?

አባትየው ገና ምዝገባው ሳያልቅ ነሐሴ ላይ ተመለሱ። «እህስ መምህር፣ ጠየቁልኝ?» አሉኝ። ያገኘሁትን ነገርኳቸው፤ ከላይ ከጻፍኩት የበለጠ አልነበረም። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና ቅጹን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት፤ እስክሪብቶዬን ተቀብለው በእርጋታ ፈረሙ። «እሷ ፈልጋለች» አሉኝ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ልጅቷ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ሶሻል፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ባለፈው ሳምንት ስለ ሕዝብ አሰፋፈር ስናነሣ እጇን አወጣች፤ «መምህር፣ የእኛ ወረዳ ሕዝብ ስንት ነው?» አለችኝ። ሰሌዳው ላይ የ1999ኙን ቁጥር ጻፍኩላት። ቀኑን አየችና «እኔ እዚህ ውስጥ የለሁማ» አለች።